ከወንበር ወደ ሜዳ፦ ስፖርት ለመጀመር ላሰባችሁ

ሐዋሳ ውስጥ ለልብ የሚያሰጋው ስፖርት የትኛው ነው ብትሉኝ የታቦርን ተራራ በሩጫ መውጣት አልላችሁም። ጂም ገብቶ ብረት ማንሳትም አይደለም። የእሁድ ጠዋት ኳስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከቢሮ ወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ሶፋ ሲመላለስ የከረመ የ45 ዓመት ጎልማሳ ቅዳሜ ማታ ትንሽ ያመሻል። ጠዋት ሜዳ ዳር ሲቆም "ጋሼ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ይግቡ እንጂ!" ይባላል። ማሊያ ይለብሳል፣ ይገባል። ማሟሟቅ የለ፣ ምን የለ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ኳስ ተከትሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይፈተለካል። የቡድኑ ስም ደግሞ "የጤና ቡድን" ነው።

ጥፋቱ የኳስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ሃርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ሕመም) የያዛቸውን ከ1,200 በላይ ሰዎች "ሕመሙ ከመነሳቱ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ምን እየሠራችሁ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። በሳምንት አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ስፖርት የሚሠሩት ሰዎች ከባድ እንቅስቃሴ ባደረጉበት ሰዓት አደጋው ከሌላው ጊዜ በ2.4 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሳምንት አንዴ እንኳ ስፖርት በማይሠሩት ላይ ግን ከ100 እጥፍ በላይ ዘለለ። እንቅስቃሴው ያው ነው። የሚለየው የሰውየው ልማድ ነው።

ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ። የአንዲት ሰዓት አደጋ ከመነሻው በጣም ጥቂት ስለሆነ ተባዝቶም ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ተጫውቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሰላም ቤቱ ይገባል። ተቀምጦ መኖር ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ የታወቀ የለንደን ጥናት የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችን ከትኬት ቆራጮቹ ጋር አወዳድሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ከተቀማጮቹ ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም አገኛቸው። ስለዚህ "አደጋ አለው" ብሎ መቅረት መፍትሔ አይሆንም። አደጋውን የሚወስነው ሰውነታችሁ በለመደውና ዛሬ በምትጠይቁት መሃል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱን አጥብባችሁ ግቡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን ማጥበቢያ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ግድ ነው ወይ?

ለሁሉም አይደለም። ድሮ "ስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ሁላችሁም ተመርመሩ" ይባል ነበር። ይህ ብዙ ሰው ቤቱ እንዲቀር ሰበብ ሆነ። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 መመሪያውን ሲያሻሽል ነገሩን ወደ ሦስት ጥያቄ አወረደው። አሁን የምትሠሩት መደበኛ እንቅስቃሴ አለ? የታወቀ የልብ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ፣ ወይም ምልክቱ አለባችሁ? በምን ያህል ጉልበት ልትጀምሩ ነው? በሽታም ምልክትም የሌለበት ሰው በቀስታ በእግር መሄድ ለመጀመር የማንንም ወረቀት አይጠብቅም። ተነሱና ሂዱ።

ሐኪም ሳታዩ መጀመር የሌለባችሁ፦ ዳገት ስትወጡ ወይም ስትቸኩሉ ደረታችሁን የሚጨመድዳችሁ፣ ሕመሙ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ የሚሄድባችሁ፣ በእንቅስቃሴ መሃል ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ፣ ጋደም ስትሉ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ያለ ከሆነ። የመጨረሻውን ብዙዎች ከስፖርት ጋር አያገናኙትም። ግን ከልብ ሕመሞች አንዳንዶቹ በዘር የሚወረሱ ናቸው።

አንድ የእኛ አገር ነገር ደግሞ እዚህ ላይ መነሳት አለበት። በአገራችን የወጣቶች የልብ ሕመም ሲነሳ ከቶንሲል የሚመጣው ትልቅ ቦታ አለው። በልጅነት በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ራሱን በሚከላከልበት ጊዜ የልብን ቫልቮች ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ለዓመታት ድምፁን አያሰማም። ስለዚህ በልጅነቱ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋ የነበረና በመሃል ያቆመ፣ ወይም "ልቡ ላይ ድምፅ አለ" ተብሎ የነበረ ሰው 22 ዓመቱም ቢሆን "ወጣት ነኝ" ብሎ አይለፈው። የልብ አልትራሳውንድ ተነስቶ ይጀምር።

የደም ግፊት ያለበት ሰው ስፖርት ክልክል ነው የሚባለው ስህተት ነው። እንዲያውም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን ቁጭ ብላችሁ ተለክታችሁ 180/110 እና ከዚያ በላይ ካሳየ የዚያን ቀን ስፖርቱ ይቅርና ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁ የሚያሰጋው የስኳር መውረድ ነው፤ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ለኩ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚበላ ነገር ቅመሱ። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብና ድንገተኛ ርሃብ ከመጣ ቁሙ፣ ብሉት። ስትመለሱ እግራችሁን እዩ። ስሜቱ የቀነሰ እግር ጫማ ሲልጠው አይናገርም።

ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ከባዱን የመረጠ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃዋል። እንዲሁም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ። 150 ደቂቃ ማለት በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ይህ ግን መድረሻው ነው፤ የመጀመሪያ ሳምንት ዕዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው መመሪያ ቀድሞ የነበረውን "ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ያልቆየ አይቆጠርም" የሚለውን ነገር ጥሎታል። አሁን ሁሉም ይቆጠራል። ባጃጁን ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ ብትወርዱም ተቆጥሯል።

ፍጥነቱን ለመለካት ሰዓትም መተግበሪያም አያስፈልግም። አፋችሁ ይበቃል። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛው ላይ ናችሁ። መዝፈን ከቻላችሁ ትንሽ ፈጠን በሉ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ለመሳብ ከቆማችሁ ከባዱ ውስጥ ገብታችኋል፤ ለጀማሪ ገና ነው። ከጓደኛ ጋር መውጣት ለዚህ ጥሩ ነው። ወሬው ሲቆም ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። የልብ ምትን በቁጥር መከታተል የሚወዱ አሉ። ለግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎል የመሳሰሉትን የሚውጥ ሰው ግን ቁጥሩን አይመን። መድኃኒቱ የልብን ምት ስለሚይዘው፣ ሰውዬው ደክሞ እያለከለከ ሰዓቱ "ገና ነው" ይለዋል።

ለመጀመሪያው ወር የሐዋሳ መልክዓ ምድር ተባባሪ ነው። ከተማው በአብዛኛው ሜዳ ነው። እንበል ፒያሳ ሱቅ ያላት፣ ከሁለተኛ ልጇ በኋላ ክብደት የጨመረች እናት ናችሁ። ሱቁ ሳይከፈት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወርዳችሁ በሐይቁ ዳር 15 ደቂቃ ሂዱ፣ ተመለሱ፣ አበቃ። በሳምንት አራት ቀን። ሁለተኛው ሳምንት 20 ደቂቃ። ሦስተኛው 25። አራተኛው ላይ ግማሽ ሰዓት። ሶምሶማ የሚያምራችሁ ከሆነ ከወሩ በኋላ አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያላችሁ አቀላቅሉ። ሲነገር ያሳፍራል፣ ያንሳል። ይነስ። ጉልበቱን የሚያመው ወይም ክብደቱ የበዛ ሰው በብስክሌት ቢጀምር ይሻላል፤ ለብስክሌት እንደ ሐዋሳ የሚመች ከተማ ብዙ የለንም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚያሳስተው ነገር

አብዛኛው ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን አይጎዳም። የሚጎዳው ጥሩ ስሜት ሲሰማው ነው። ምክንያቱ ይኸው፦ የሰውነት ክፍሎች እኩል አይለምዱም። ልብ፣ ሳንባና ደም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሻሻላሉ። ጡንቻም ይከተላል። ጅማትና አጥንት ግን የደም አቅርቦታቸውም የእድሳት ፍጥነታቸውም የተለየ ስለሆነ ወራት ይፈጅባቸዋል። አጥንት እንዲያውም ለአዲስ ጫና ሲጋለጥ መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፣ ከዚያ ነው አዲሱን የሚገነባው። በመሃል ያሉት ሳምንታት ላይ ከበፊቱ ይበልጥ ለጉዳት የተጋለጠ ነው።

ውጤቱ ሞተሩ ተቀይሮለት ፍሬኑና ጎማው አሮጌ የቀረ ባጃጅ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሻችሁ አላልቅ ይላል። "እኔ እኮ ለካ እችላለሁ" ትላላችሁ። ርቀቱን በአንድ ጊዜ እጥፍ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ቅልጥማችሁ ከውስጥ በኩል ማመም ይጀምራል። ወይም ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ተረከዛችሁ በሚስማር እንደተወጋ ይሆናል።

ስለ ጭማሪ ስታነቡ "በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምሩ" የሚል ሕግ ያጋጥማችኋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ500 በላይ ጀማሪ ሯጮችን ለሁለት ከፍለው ሞክረውት ነበር። አንዱ ቡድን በ10 በመቶ እየጨመረ 13 ሳምንት ሠራ። ሌላው በፈጣኑ መንገድ 8 ሳምንት። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት ከሁለቱም ቡድን ከአምስት ሰው አንዱ ግድም ተጎድቶ ተገኘ። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ፀሎት አትያዙት። እኔ የምይዘው ሌላ ነገር ነው፦ ርቀትን፣ ፍጥነትንና ዳገትን በአንድ ሳምንት ላይ አትጨምሩ። አንዱን ጨምሩ፣ ሌላውን ተዉት።

ታቦር፣ እና በማግስቱ

ታቦር ለሐዋሳ ሰው ቅርብ ነው። ከላይ ሐይቁና ከተማው አንድ ላይ ይታያል። ለጀማሪ ሲፈትን ግን ሁሉም የሚፈራው መውጣቱን ነው። መውጣት የሚፈትነው ትንፋሽን ነው። ሲበዛ ትቆማላችሁ፣ ያልፋል። ጡንቻን የሚጎዳው መውረዱ ነው። ቁልቁል ስትወርዱ የጭን ጡንቻ እየተሳበ ፍሬን ይይዛል። ተስቦ እያለ መሥራቱ በጡንቻው ክሮች ላይ ጥቃቅን መበጣጠስ ያመጣል። የዚያን ቀን ምንም አይሰማም። በማግስቱ፣ በተለይ በሁለተኛው ቀን፣ ደረጃ መውረድ ጉድ ያደርጋል። ሽንት ቤት ላይ መቀመጥም እንዲሁ።

ብዙ ሰው ይህን "ላክቲክ አሲድ ነው" ይላል። አይደለም። ላክቴት ስፖርቱ ካበቃ በአንድ ሰዓት ግድም ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሊያሳምም የሚችል ነገር የለም። ሕመሙ የጥገና ሕመም ነው። በሦስት በአራት ቀን ይለቃል። ቀላል እርምጃ ያፍታታዋል። ደግ ነገሩ፣ በሳምንቱ ያንኑ ብትደግሙ በጣም ያንሳል፤ ጡንቻው ለምዷል።

የማያስቀው ግን ይህ ነው። ጓደኛ ጋር ተወራርዶ በመጀመሪያ ቀን ሁለት መቶ ስኳት (ቁጭ ብድግ) የሠራ ሰው ጡንቻው ያብጣል፣ እግሩን ማጠፍ ያቅተዋል፣ ሽንቱም ኮካ መስሎ ይወጣል። ጡንቻው በብዛት ፈርሶ ይዘቱ ወደ ደም ገብቷል ማለት ነው። ያ ፈሳሽ ኩላሊትን ይጎዳል። ይህን "ስለደከምኩ ነው" ብሎ መተኛት አይገባም። የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል።

ሙቀት፣ ጾም፣ ጫማ

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ትንፋሹ ይቀለዋል፣ ሙቀቱ ግን ይከብደዋል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ጠዋት በማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ቦርጭ ለማጥፋት ብለው በቀትር ጃኬት ደርበው፣ ሆዳቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው የሚሮጡ አሉ። የሚወጣው ውኃ ነው። ሚዛን ላይ የቀነሰው ሁለት ጠርሙስ ውኃ ስትጠጡ ይመለሳል። ስብ በላብ አይወጣም። ራስ መዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ጥላ ፈልጉ፣ አውልቁት። መዋኘት ያማራችሁ ደግሞ ገንዳ ፈልጉ። ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለበት።

በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ከባዱን ከምግብ በኋላ አድርጉት፤ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ። ቀላል እርምጃ ግን ጾሙ ሊፈታ ሲል ብታደርጉት አይጎዳም። ረመዳንም ላይ ያው ነው፤ ከኢፍጣር ጥቂት ቀደም ብሎ ዘና ያለ እርምጃ፣ ጠንከር ያለው ከኢፍጣር በኋላ። ኢንሱሊን የምትወጉ ይህን በራሳችሁ አትወስኑ። ጫት ቅሞ ሜዳ መግባት ግን ምንም ማለባበስ አያሻውም፦ ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል፣ ድካምን ይደብቃል። ያ ሁሉ አንድ ላይ ልብ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጫማ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍሱ። ሰልባጅም ቢሆን ግዙ፤ ግን ሶሉን በአውራ ጣት ተጫኑት። ካልሰመጠ ስፖንጁ ሞቷል። ተረከዙ በአንድ ወገን ያለቀውን ተዉት፣ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የምትገዙት።

ማሟሟቅ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ መሄድ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። መጨረሻ ላይም ድንገት አትቁሙ። ስትሮጡ የእግር ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ እየገፋ ይመልሳል። በድንገት ስትቆሙ ደሙ እግር ላይ ይቀራል፣ ራስ ይዞራል፣ አንዳንዱም ይወድቃል። ሁለት ሦስት ደቂቃ እየሄዳችሁ አቀዝቅዙት።

ለጡንቻው ሥራ ጂም ከገባችሁ በመጀመሪያ ክብደቱ ይነስ፤ ትንፋሻችሁን ደግሞ አትያዙ። አፍኖ ማንሳት ግፊትን ለጥቂት ሰከንድ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ስታነሱ አስወጡ፣ ስታወርዱ አስገቡ። ጂም ካልገባችሁም ከወንበር አሥር ጊዜ ያለ እጅ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ፣ በሁለት እጅ በግማሽ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ይዞ ግቢ ውስጥ መዞር ይበቃል።

ሲያማችሁ

ሁለት ዓይነት ሕመም አለ። ሁለቱም እግር ላይ እኩል የተዘረጋ፣ ድፍን ያለ፣ ስትንቀሳቀሱ የሚፍታታ ሕመም የልምምዱ ነው። አንድ ቦታ ላይ በጣት የሚጠቆም፣ እየሄዳችሁ የሚብስ፣ የሚያስነክስ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ግን "ተው" ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ድንገት ከኋላ በድንጋይ የተመታ መስሎት ዞር ያለ፣ ማንም ያላገኘና በጣቱ መቆም ያቃተው ሰው የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ይህ በማሸት አይድንም።

እዚህ ላይ ወጌሻ ይነሳል። ወለምታን ስንቱ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ተሽሎት ተመልሷል፤ አልክድም። ቀላል ወለምታ ብዙውን ጊዜ በራሱም ይድናል። ችግሩ ወለምታና ስብራት ከውጭ መመሳሰላቸው ነው። ቁርጭምጭሚታችሁ ካበጠ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻላችሁ፣ ወይም ከግራና ቀኝ የወጣውን አጥንት ከጀርባው ሲጫኑት ካመማችሁ መጀመሪያ ራጅ ተነሱ። ማንም ቢያስራችሁ ደግሞ ጣታችሁን ጠብቁ። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታ፤ "ሦስት ቀን እንዳይነካ" ቢባልም። ደም ተከልክሎ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ይታወቃሉ።

በእንቅስቃሴ መሃል ደረት ከተጨመደደ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃችሁ ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ለአጠገባችሁ ሰው ተናገሩ። ከጥቂት ደቂቃ እረፍት በኋላ ካለፈም ሐኪም እዩ። ካላለፈ የሚገኘውን መኪና ይዞ ድንገተኛ ክፍል መድረስ ነው። "ጨጓራ ይሆናል" የሚለው ግምት ብዙ ሰዓት ያስበላል።

ትኩሳት ሲኖራችሁ ግን "ላብ አውጥቼ ላባርረው" አትበሉ። አንዳንድ ቫይረሶች የልብን ጡንቻ ራሱን ያቆጣሉ፤ በዚያ ላይ መሮጥ ልብን ያሳብዳል። ወባም ቢሆን በላብ አይወጣም፤ ተመርመሩ። ትኩሳቱ ከለቀቀና ጉልበት ከተመለሰ በኋላ በእርምጃ ጀምሩ። በሥራ፣ በለቅሶ ወይም በዝናብ አንድ ሳምንት ከቀራችሁ ከነበራችሁበት ቀጥሉ። ሦስት አራት ሳምንት ካለፈ የነበረውን ግማሽ አድርጉና በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ መልሱት። ልብሱና ጫማው እዚያው ስለሆነ ያቆማችሁበት ቦታ ላይ ያላችሁ ይመስላችኋል፤ ትንፋሻችሁን ጠይቁት።